ሚዛኑን ተከትለው ወጡ

ያ ቀን ያስወጣኝን አስቀድሜ ላስቀምጥ። ነጋዴ ነኝ፤ ወሬ የምጀምረው ከወጪ ነው። አንድ ሱቅ ከነመደርደሪያው ሄደ። ውስጡ የነበረው ስኳር፣ ዱቄት፣ ጨውና ሳሙና አብሮ ሄደ። አራት በርሜል ዘይት ከገዛሁበት በታች ተሸጠ። ወጪው ይኸው ነው። ገቢውን መጨረሻ ላይ እናገራለሁ። ገቢውን አስቀድሞ የሚያወራ ነጋዴ ሊበደር የመጣ ነው ይሉ ነበር ሐጂ።

ሐጂ የምላቸው ሐጂ ሱሩርን ነው፤ ሥራ ያስተማሩኝን ሰው። እደርስባቸዋለሁ።

አሁን ሥራ ትቻለሁ። ጡረታ ወጣሁ እንዳልል ለነጋዴ ጡረታ ማን ይቆርጥለታል? ባህል አዳራሽ አካባቢ ልጄ ቤት በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ። ጠዋት ስነቃ ግን እጄ አሁንም ትራሱ ሥር የሱቅ ቁልፍ ይፈልጋል። ከመንቃቴ በፊት የማየው ሕልም አንድ ዓይነት ነው። ሱቄ ሐይቁ ሥር ነው። በሩን ከፍቼ ቆሜያለሁ፤ ውኃው ከአናቴ በላይ ነው፤ ግን አያፍነኝም። ብርሃኑ አረንጓዴ ነው፣ በጠርሙስ ውስጥ እንደሚያዩት። ቆሮሶ የምንላቸው ዓሦች በመደርደሪያው መሃል ይተላለፋሉ። አንድ ወፍራም አምባዛ ጺሙን እያወዛወዘ ባንኮኒው ላይ ይደገፍና የስኳር ዋጋ ይጠይቀኛል። እነግረዋለሁ። "ውድ ነው" ይለኛል። እኔም "እንግዲህ ሂድና ሌላ ሐይቅ ሞክር" እለዋለሁ፤ ከዚያ እነቃለሁ። ሰው በሕልሙ ጀነት ያያል፣ እኔ ከዓሣ ጋር ዋጋ እከራከራለሁ።

የተማርኩት አስፋልት ላይ ነው። ከስልጤ ገጠር ወጥቼ አዋሳ ስገባ፣ ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት፣ ካርቶን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሱቅ በደረቴ ሆንኩ። ማስቲካ፣ ክብሪት፣ ምላጭ፣ የባትሪ ድንጋይ። አንደኛ ክፍሌ መናኸሪያው ነው። እዚያ የገባኝ ነገር ቢኖር የቆመ አውቶቡስ ውስጥ የተቀመጠ ሰው አይገዛም፤ መስኮቱን ዘግቶ ያንቀላፋል። ሾፌሩ ሞተር ሲያስነሳ ግን ሁሉም በአንዴ ይባንንና ያለ ማስቲካ ሻሸመኔ የሚደርስ አይመስለውም። ስለዚህ ከረዳቶቹ ጋር ተወዳጀሁ። መኪናው ሊነሳ ሲል በዓይናቸው ይጠቅሱኛል፣ እኔም እሮጣለሁ። ሌሎቹ ልጆች ቀኑን ሙሉ ይጮሁ ነበር፤ እኔ ጥላ ሥር ተቀምጬ ሞተር አዳምጥ ነበር።

ከፍ ስል ገበያዬን ወደ ፒያሳ አዛወርኩና አንድ ትልቅ ሱቅ በር ላይ ቆምኩ። ባለሱቁ ሦስት ቀን ዝም ብለው አዩኝ። በአራተኛው ጠሩኝ።

"አንተ፣ ከበሬ ላይ ደንበኛ እየወሰድክብኝ ነው።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ሐጂ፣ እነሳለሁ።"

"ተነሳ መች አልኩህ? እንዴት አድርገህ ነው እያልኩህ ነው።"

በማግስቱ ከባንኮኒው ወዲያኛው በኩል ቆምኩ። ስለ ደሞዜ አልናገርም፤ እሳቸውም አይናገሩም ነበር። ልብሴም ምሳዬም ከቤታቸው ነበር፤ የተረፈኝ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሐጂ ሱሩር ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሲቆጡ ደግሞ ይበልጥ ዝቅ የሚል ሰው ነበሩ። ሱቃቸው ውስጥ መሬት የሚነካ ዕቃ የለም። ድንጋይ ተደርድሮ፣ በድንጋዩ ላይ ወፍራም ጣውላ ተነጥፎ፣ ኩንታሉ ሁሉ በጣውላው ላይ ይቀመጣል። "መሬት ሌባ ነው፤ ከሥር ሆኖ በዝግታ ይጠጣል" ይሉ ነበር። ጠዋት ሱቅ ስከፍት የመጀመሪያ ሥራዬ በጣውላው ሥር እጄን ሰድጄ መሬቱን መዳሰስ ነው። ደረቅ ከሆነ ዝም እላለሁ፤ ከቀዘቀዘኝ እነግራቸዋለሁ።

ዘይት በሊትር አይሸጡም። "በሊትር የሚሸጥ አረፋ ይሸጣል" ይላሉ። በኪሎ ነው የሚሸጡት፣ ያውም ባለ ሁለት ሳህን በሆነው አሮጌ ሚዛናቸው። ደንበኛው ዕቃውን ያመጣል፤ ባዶው ዕቃ አንዱ ሳህን ላይ ይቀመጣል፣ በሌላው ሳህን ላይ እኩል እስኪሆን ድረስ ጠጠር ይጨመራል፤ ከዚያ በኋላ ነው የኪሎ ድንጋዩም ዘይቱም የሚመጣው። ለጠጠሩ ብቻ የሚሆን ጣሳ ነበራቸው፤ ከሐይቁ ዳር የለቀምኳቸው፣ ውኃ ያለሰለሳቸው ጠጠሮች። የእያንዳንዱ ሰው ጀሪካን ክብደት የተለየ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ሥራ ነው። የቸኮለ ደንበኛ ያኮርፋል፤ ነገር ግን ተመልሶ የሚመጣው እሳቸው ጋ ነው።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ሰው የሚያንቀሳቅሱበት መንገድ ነው። የበዓል ዋዜማ ሱቁ በር ላይ ሰው ይታጨቃል፤ መግቢያም መውጫም ይጠፋል። እኔ "ዞር በሉ! ወደዚያ ሂዱ!" እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪነቃ እጮኻለሁ። ማንም ንቅንቅ አይልም፤ ዞር ያለ ሰው ተራው ያመልጠዋላ። አንድ ጊዜ ሐጂ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

"ለምን ትጮሃለህ?"

"በሩን ዘጉት ሐጂ።"

"ሚዛኑን አንሳው።"

"ምን?"

"ሚዛኑን አንሳና ወደዚያ ጥግ ውሰደው።"

አንስቼ ወሰድኩት። የበሩ ሰው ሁሉ፣ አንድ ቃል ሳይነገረው፣ እንደ ውኃ ወደ ጥጉ ፈሰሰ። በሩ ተከፈተ። ሐጂ መቁጠሪያቸውን ማንከባለል ቀጠሉ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ነገር አንስተን አናውቅም፤ እሳቸው አንድ ነገር ሁለቴ አያስተምሩም።

ሐጂ ሲሞቱ ሱቁ ለታላቅ ልጃቸው ሆነ። ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ጣውላውን አንስቶ ሴራሚክ አስነጠፈ፣ ሚዛኑንም ጥሎ በቁጥር የሚያበራ ገዛ። እኔ አሮጌውን ሚዛን ከነጠጠር ጣሳው ጠየቅሁና ሰጠኝ። በትከሻዬ ተሸክሜ ቁልቁል ወረድኩ፤ ሐይቅ ዳር፣ ውኃውን ከሚያግደው የአፈር ግድብ ሥር ባለችው መንደር ውስጥ፣ እንደ ሐጂ ጣውላ አንጥፌ፣ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ።

ያችን መንደር ያላየ ሰው አሁን ሊያያት አይችልም፤ ስለዚህ ልንገራችሁ። ጠዋት ጉም ከሐይቁ ተነስቶ ግድቡን ተሻግሮ በመንገዱ ውስጥ ይንሸራሸራል። ሰው ከወገቡ በላይ ብቻ ነው የሚታየው፤ እግር የሌላቸው ሴቶች ባልዲ ተሸክመው ይንሳፈፋሉ። አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች የዓሣ ፍርፋሪ እየጠበቁ፣ ራሰ በራቸውን ወደ ትከሻቸው ቀብረው፣ እንደ ዕድር ሽማግሌ በረድፍ ይቆማሉ። ጀልባዎቹ ድምፅ ሳያሰሙ ከጉሙ ይወጣሉ። እስከ ቀትር ሐይቁ መስተዋት ነው። ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሳና ሐይቁ ያጉረመርማል፤ ሲመሽ ደግሞ ይተኛል። እኛም ከእሱ ጋር እንነሳለን፣ እናጉረመርማለን፣ እንተኛለን።

ከደንበኞቼ ሁለቱን ማወቅ አለባችሁ። አንዱ ላሚሶ ነው፤ ሲዳማ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ እኩያዬ። ከአባቱ ጀምሮ ሐይቁ ላይ ነው የኖረው፤ ስለ ሐይቁ ሲያወራ ስለ አማቱ የሚያወራ ይመስላል። ሌላዋ አስቴር ናት፤ ከወላይታ የመጣች፣ ዓሣ እየጠበሰች የምትሸጥ፣ ቸርቿ ውስጥ ስትዘምር ሱቄ ድረስ የሚሰማ ድምፅ ያላት ሴት። ቤቷ ግድቡ እግር ሥር ነው፤ አልጋ ላይ ከዋሉ ዓመታት ካለፋቸው ከእናቷ ከእማማ ደስታ ጋር ትኖራለች። በቀን በቀን ዘይት የምትገዛኝ እሷ ናት። "ጋሽ ከድር፣ እርስዎ ጠጠር ሲቆጥሩ ዓሣው እንደገና ይዋኛል!" እያለች ታሾፍብኝ ነበር።

ሐይቁ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ከፍ ይል ነበር። መጀመሪያ ሸምበቆው ቆሞ የነበረበት ተዋጠ፣ ቀጥሎ ላሚሶ ጀልባ የሚያስርበት ዋርካ እግሩ ረጠበ። ግድቡን በአፈርና በድንጋይ ከፍ አደረጉት። እኛም ለመድነው። ከቤትህ ጣሪያ ጋር ሊስተካከል ጥቂት የቀረው ውኃ ሥር መተኛት ይለመዳል፤ ሰው የማይለምደው ነገር የለም።

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ የመጣው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ተመስገን የሚባል የቀበሌ ሠራተኛ በባጃጅ ላይ ማይክራፎን አስሮ በመንደሩ ዞረ። ከአየር ትንበያ ሰዎች የተነገረው ነው፤ ሐይቁ ሞልቷል፣ ማምሻውን ብርቱ ነፋስ ይጠበቃል፣ ነፋሱ ውኃውን ከገፋው ግድቡን ይዘላል፣ ወደ ከፍታ ውጡ። ሰው ሁሉ ሱቄ በር ላይ ቆመ።

"ጋሽ ከድር፣ እርስዎ ምን ይላሉ?" አለችኝ አስቴር።

በእኛ ዘንድ ሱቅ የሚዘጋው ለጁምዓ፣ ለለቅሶና ለኪሳራ ነው። ባለሱቁ ካልዘጋ ነገሩ ወሬ ነው፤ ከዘጋ እውነት ነው። ይህን አውቅ ነበር። "ውጡ" አልኩና ሱቄን ዘጋሁ። መንደሩ በሙሉ ተከትሎኝ ወጣ።

ነፋሱ መጣ። ግን ከጀርባችን፣ ከከተማው በኩል መጣና ሐይቁን ወደ ማዶ ገፋው። ከላይ ሆነን ስናይ ውኃው እንደ ምንጣፍ ከዳር ተጠቅልሎ ሸሸ፤ ታይቶ የማይታወቅ ጭቃ በምሽት ፀሐይ አብረቀረቀ፤ ጀልባዎቹ ደረቅ ላይ ተጋደሙ። እንዲያ ያለ ውበት አይቼ አላውቅም። በማግስቱ ስንመለስ አንዲት ጠብታ የገባችበት ቤት አልነበረም። የአስቴር በር ግን ተገንጥሎ ነበር። ሰው የሌለበትን መንደር ሌባ አግኝቶት የዓሣ ማቀዝቀዣዋን፣ ትልቁን ፍሪጅ፣ ተሸክሞት ሄዷል። ገና የመጨረሻውን እቁብ አልጣለችለትም።

በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

"ውኃው የታለ?"

"አልመጣም አስቴር።"

"ሌባው ግን መጣ።"

ያን ቀን አንቱታዋን ወሰደችብኝ። ከዚያ ወዲህ ዘይቷን ከሌላ ሰፈር ትገዛ ጀመር፤ እዚያ በሊትር ይሸጣሉ፣ ከነአረፋው። መንደሩም ስም አወጣልኝ፤ ነቢዩ ኑህ። ስከፍት "ጋሽ ኑህ፣ መርከቡ አለቀ?" ስዘጋ "ዝሆኑን አስገቡት?" ላሚሶ ሳይቀር "ስትሠራው ለእኔ የፊት ወንበር ያዝልኝ፣ የኋላው ያቅለሸልሸኛል" ይለኝ ነበር። እኔም እስቃለሁ። ነጋዴ ገንዘብ ቢያጣ ይበደራል፤ "ውጡ" ሲል የሚወጣለት ሰው ካጣ ግን ያን የሚያበድር የለም። በዚህ ሥራ ላይ በቆየሁበት ዘመን የከሰርኩት ትልቁ ኪሳራ እሱ ነው፤ ከወጪው ዝርዝር ውስጥ ያላስገባሁት በምን ሚዛን እንደምመዝነው ስላልገባኝ ነው።

ዓመት ዞሮ ክረምቱ ወጣ፤ ሐይቁ ከግድቡ አናት ጋር ተካክሎ ተኛ። አንድ ቀን ጠዋት ሱቅ ስከፍት እንደ ልማዴ በጣውላው ሥር እጄን ሰደድኩ። መሬቱ ቀዝቃዛ ብቻ አልነበረም፤ ጣቴ ረጠበ።

ቀትር ላይ የተመስገን ባጃጅ መጣ። ያው ማይክራፎን፣ ያው ቃል። ሴቶቹ ከልብስ አጠባቸው ቀና አላሉም። ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ ድምፁ ተዘግቶ፣ ሱቄ መጥቶ ለስላሳ ጠየቀ።

"ጋሽ ከድር፣ እባክዎ እርስዎ ይንገሩልኝ። እርስዎን ይሰማሉ።"

"ዓምና ነበር የሚሰሙኝ።"

ያን ጊዜ ላሚሶ የአህያ ጋሪውን እየነዳ መጣ። ጀልባውን ከሐይቁ አውጥቶ፣ ግድቡን አሻግሮ፣ ከመንደሩ በላይ አስሮት ነው የመጣው። ላሚሶ ጀልባ ከውኃ ሲያወጣ አይቼው አላውቅም።

"ዛሬ ነፋሱ ከማዶ ነው" አለ። "ጠዋት አሸተትኩት። የማዶ ሸምበቆ ሸተተኝ።"

"ለሰዎቹ ንገራቸዋ።"

"ነገርኩ። የኑህ ረዳት አሉኝ።"

መጀመሪያ አስቴር ጋ ሄድኩ። ደጇ ላይ ዓሣ ትገፍፋለች፤ ቢላዋው ሲሄድ ቅርፊቱ እንደ ትንንሽ መስተዋት ይበተናል። ቀና ሳትል፣

"ደግሞ መጣህ?" አለች።

"አስቴር፣ ዛሬስ እውነት ነው።"

"ውኃ ከመጣ ጣሪያ ላይ እወጣለሁ። ሌባ ከመጣ ግን የት እወጣለሁ? አሁን የቀረኝ ድስት ነው። ድስቴን ጥዬ አልሄድም፣ እናቴም ከአልጋዋ አትነቃነቅም። ሂድ፣ መርከብህን ሥራ።"

ከውስጥ እማማ ደስታ "ማነው?" አሉ።

"ማንም አይደል እማ። ነጋዴ ነው።"

ወደ ሱቄ ስመለስ ከሐይቁ በኩል የመጀመሪያው ትንፋሽ አንገቴን ነካኝ። ለስላሳ ነበር፣ የሕፃን ትንፋሽ የሚመስል። በሬ ላይ አምስት ስድስት ሴቶች ቆመዋል። ዘይት ከከተማው ጠፍቶ ሰንብቶ ነበር፤ እኔ ጋ በዚያ ሳምንት የገባ አራት በርሜል አለ። ቀስ ብዬ ልሸጠው ነበር ያሰብኩት፤ ነጋዴ "ቀስ ብዬ" ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ሴቶቹ በሩን ዘግተውት መግቢያ አጣሁ። "እስቲ አንዴ ዞር በሉልኝ" አልኩ። አንዷም ንቅንቅ አላለችም።

በዚያች ቅጽበት የሐጂ እጅ ትከሻዬን ነካ ያደረገኝ መሰለኝ።

"ላሚሶ፣ ጋሪህን አምጣ" አልኩ።

በርሜል በሁለት ሽማግሌ ክንድ ጋሪ ላይ አይወጣም። እየተንከባለለ የሚወጣበት ወፍራም ጣውላ ያስፈልገዋል። ያ ጣውላ ደግሞ ያለው አንድ ቦታ ነው፤ ከስኳሩ ሥር። ስኳሩንም ልናወጣው እንችል ነበር፤ ግን ጋሪው አንድ፣ ቀኑም ወደ ማምሻ ያዘነበለ ነው። ኩንታሎቹን እየጎተትን በባዶው መሬት ላይ አጋደምናቸው። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ዕቃዬ መሬት ነካ።

ላሚሶ አየኝ። "ስኳሩስ?"

"ይተኛ።"

"እርጥብ ነው እኮ መሬቱ።"

"አውቃለሁ። እንጨቱን ያዝ።"

በርሜሎቹ ከተጫኑ በኋላ ሚዛኑን በትከሻዬ ተሸከምኩ፣ የጠጠር ጣሳውን ብብቴ ውስጥ አደረግሁ፣ በመንደሩ መሃል ሽቅብ መራመድ ጀመርኩ። አልጮህኩም። ሳህኖቹ ብቻ እየተጋጩ ቅጭል ቅጭል ይላሉ።

"ጋሽ ኑህ፣ ወዴት ነው?" አለ አንዱ ከደጁ።

"ዘይት ልሸጥ።"

"በስንት?"

"በአምናው ዋጋ።"

ሰውየው ተነሳ። ቀጥሎ ጎረቤቱ ተነሳ። "የት?" "ከአስፋልቱ በላይ፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ።" "ለሁሉም?" እዚህ ላይ ቆምኩና ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

"ለሁሉም ነው! በነፍስ ወከፍ ነው! በአካል ያልቀረበ አይቀዳለትም። ሕፃንም ይቆጠራል፣ ሽማግሌም ይቆጠራል፣ ግን በዓይኔ ካላየሁት አልሰጥም። ዕቃ የለኝም፤ ያላችሁን ድስት፣ ጀሪካን፣ ባልዲ ይዛችሁ ውጡ!"

ተመስገን ባጃጁን አስነስቶ እየበረረ መጣ። "ጋሽ ከድር፣ በማይክራፎኑ ልናገርልዎት?"

"በአላህ ዝም በል። አንተ ከተናገርክ ማስጠንቀቂያ ይመስላቸዋል።"

ማየት ነበረባችሁ። ዓምና እንኳ እንዲህ አልወጡም። ሰው ሕፃን አዝሎ፣ ሕፃን ባልዲ ይዞ፣ ሽማግሌ በኩርሲ ላይ በሰው ሸክም ሆኖ ይጎርፋል። የአንዱ ቤት አያት በዓሣ ጋሪ፣ የሌላው አክስት በተመስገን ባጃጅ ወጡ። ከውኃ የማይሸሽ መንደር ለዘይት ነፍሱን ሰብስቦ ሽቅብ ነጎደ። የድስት ድምፅ ከመንደሩ እስከ አስፋልቱ እንደ ደወል ይሰማል።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ሚዛኑን ሰቀልኩ። ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሥራ በዘመኔ ከሠራሁት ሁሉ የሚከብድ ነው፤ ቀርፋፋ መሆን። በከተማው ውስጥ በጠጠር ሚዛን እንደ እኔ ቶሎ የሚመዝን አልነበረም። ዘይቱ ቶሎ ካለቀ ግን ሰው ዘይቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ የሐጂን ሥርዓት በሙሉ አወጣሁት። ባዶውን ድስት አንዱ ሳህን ላይ አስቀምጣለሁ። አንድ ጠጠር እጨምራለሁ። አያለሁ። አንድ እቀንሳለሁ። ሳህኑ መወዛወዙን እስኪያቆም እጠብቃለሁ። በነፋስ ቀን ሳህን መወዛወዝ አያቆምም።

"ጋሼ፣ መሸብን እኮ!"

"ሚዛን ነው ልጄ። ነገ በኪያማ ቀን እኔ ነኝ የምጠየቅበት።"

"እስከዚያ እኛን ልታቆመን ነው?"

ሳቁ፣ ተሳደቡ፣ ተጋፉ፤ ግን ከተራው የወጣ የለም። የቀዳ ሰው እንዳይመለስም "የድርሻችሁን ትራፊ መጨረሻ ላይ አከፋፍላለሁ፣ የሄደ አያገኝም" አልኩ። ትራፊ የሚባል ቃል ሰውን ምን ያህል እንደሚያስቀምጥ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ፊት በማየት ሥራ ውስጥ ስኖር ፊት ቆጠራ ለምጃለሁ። ሁሉም አሉ። አስቴር የለችም፤ እማማ ደስታም የሉም። ነፋሱ አሁን የዛፉን ቅርንጫፍ ያጎነብሳል። የያዝኩትን ጠጠር ወደ ጣሳው መለስኩ።

"ላሚሶ" አልኩት በጆሮው፣ "ባዶ ጋሪህን ይዘህ ውረድ። አስቴርን ስለ ውኃ አንድ ቃል እንዳትነግራት። ከድር የእናትሽን ድርሻ ለሌላ ሰው ሊሰጠው ነው በላት።"

ወረደ። ከዚያ በኋላ የመዘንኩትን አላስታውስም፤ ትክክል መሆኑን ግን አውቃለሁ፤ እጄ ራሱ ያውቀዋል። ዓይኔ ከበሩ አልተነሳም። ፀሐይ ከማዶው ኮረብታ ጀርባ ስትገባ ሰማዩ እንደ በሰለ ፓፓያ ሆነ። ያኔ ከነፋሱ በላይ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ መዝሙር አይደለም፣ ግን ያው ድምፅ ነው።

"የእናቴን ድርሻ ለማን ነው የምትሰጠው? አንተ ቀማኛ! አንተ የጠጠር ነጋዴ!"

ጋሪው ላይ እማማ ደስታ ፍራሻቸው ላይ ተቀምጠዋል። ዙሪያቸውን ድስት፣ መጥበሻ፣ የዓሣ ቢላዋ፣ ጋቢ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ተደርድሯል። አስቴር ጋሪውን ከኋላ ትገፋለች፣ ላሚሶ አህያዋን ይጎትታል፤ የሁለቱም የአህያዋም እግር እስከ ጉልበት ረጥቧል፤ ውኃው በግድቡ ሥር መስረግ ጀምሯል ማለት ነው።

ያየሁት ይህን ነበር። አስቴር ግን ገና የራሷን እግር አላየችም። ድስቷን አንስታ ሳህኑ ላይ ጣለችው።

"መዝን!"

ጠጠር አነሳሁ። እማማ ደስታ ከጋሪው ላይ ሆነው፣

"እኔንም ልትመዝነኝ ነው ልጄ?" አሉ።

"እርስዎ ያለ ሚዛን ያልፋሉ እማማ።"

ያኔ ነው ከተራው መጨረሻ አንዲት ሴት "ወይኔ!" ያለችው። ሁላችንም ዞርን።

ድምፅ አልነበረውም፤ ሰው ሲጠይቀኝ ይህን አያምነኝም። እየጮኸ የሚመጣ ነበር የመሰለን። ሐይቁ ግድቡን የተሻገረው ትንሽ አጥር እንደሚሻገር ሰው፣ ልብሱን ሰብስቦ፣ በቀስታ ነው። በረዥሙ አንድ የሚያበራ መስመር ታየ፤ መስመሩ ወረደ፤ በመንገዱ ውስጥ ጠዋት ጉሙ እንደሚሄደው ሄደ። በየበሩ ገባ። የጭቃ ግድግዳዎቹ ለጥቂት ጊዜ ቆመው አዩት፣ ከዚያ አንድ በአንድ ተንበረከኩ። የአስቴር ቤት ከቀደሙት ነው። ቆርቆሮ ጣሪያዎች በፓፓያው ሰማይ ሥር ይንሳፈፋሉ። አባ ኮዳዎቹ ተነስተው በላያችን በዝምታ ዞሩ። በሰልፍ የቆመው ሕዝብ ሁሉ ድስቱን እንደያዘ፣ ዘይቱ በድስቱ ውስጥ እየተነቀነቀ፣ ቁልቁል ያያል። ሁላችንም አንድ ሕልም የምናይ ይመስል ነበር፤ ማንም ቀድሞ መንቃት አልፈለገም።

አስቴር እግሯን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። ከዚያ እንደገና እግሯን።

"ትራፊ አለ ብለሃል" አለች።

"የለም። ከእናንተ ድርሻ በቀር አልቋል።"

"ውሸታም" አለች። ድስቷን ከሳህኑ ላይ አነሳችና፣ "ይቀመጡ እስቲ፤ ቆመው ነው የዋሉት" አለችኝ። ደፍታም መቀመጫ አደረገችልኝ።

ውኃው ሲጎድል ከላሚሶ ጋር ወርደን ሱቁን አየነው። ግድግዳው ግማሹ የለም። የስኳሩ ጆንያዎች እንደ ወለቀ ልብስ ተጣጥፈው ተኝተዋል፤ ውስጣቸው ምንም የለም፤ ሐይቁ ጠጥቶታል። ላሚሶ ጣቱን በኩሬው ነክሮ ቀመሰ። "ትንሽ ይጣፍጣል" አለ። ባንኮኒው ሥር፣ በቀረችው ውኃ ውስጥ፣ አንድ ወፍራም አምባዛ ጺሙን እያወዛወዘ ተኝቷል። አላጠመድነውም፤ ራሱ ነው ወደ ሱቅ የመጣው። አስቴር በአምናው ዋጋ በገዛችው ዘይት ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ጠበሰችው፤ ለመንደሩ ሁሉ አልበቃም፤ ለሽታው ግን በቃ።

ለመንደሩ ሰው ከአስፋልቱ በላይ ቦታ ተሰጠው። የሱቄ ቦታ አሁን ሸምበቆ ነው። እንደገና ጀምር ያሉኝ ነበሩ፤ ጉልበቴን ጠየቅሁት፣ "ቀስ ብለን" አለኝ። እኔም ነጋዴ ቀስ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አውቃለሁ። ሚዛኑን ከነጠጠር ጣሳው ለአስቴር ሰጠኋት። ዓሣ ትመዝንበታለች፤ ደንበኛ እስኪሰለች ድረስ ጠጠር ትቆጥራለች ይሉኛል።

ሒሳቡ እንዲህ ይዘጋል። ሱቁ አልተሠራም። ዘይቱ አልቋል። ስኳሩ ሐይቁ ጋ ነው። የአስቴር ፍሪጅ እስካሁን አልተገኘም። ከመንደሩ ሰው አልጎደለም።